ካቶ፣ እርሻውና ባሪያዎቹ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ሮማዊ ባለ ርስት ነው። ማርኩስ ፖርኪዩስ ካቶ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ234 ዓመት ከሮም ብዙም በማትርቀው በቱስኩሉም ተወለደ፤ በ149 በ85 ዓመቱ ሞተ። በዚህ ሁሉ ዕድሜው ወታደር ነበር፣ ጠበቃ ነበር፣ በ195 ከሮም የበላይ ሹማምንት አንዱ፣ ቆንስል፣ ሆነ፣ በ184 ደግሞ ሕዝቡን የሚቆጥረውንና የታላላቆቹን ጠባይ የሚመረምረውን ሥልጣን ያዘ። ስለ ሌላ ጉዳይ ሲናገርም እንኳ የሮምን ባላንጣ ከተማ «ካርታጎ መጥፋት አለባት» ሳይል አይቀመጥም የሚባለው ሽማግሌ እሱ ነው።

ሮማውያን ይህን ሰው ያደንቁት የነበረው በቁጥብነቱ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፈው ግሪካዊው ፕሉታርክ እንደሚተርከው ካቶ በወጣትነቱ ከባሪያዎቹ ጋር አብሮ ይቆፍር ነበር፤ በብርድ ጊዜ አንድ ተራ እጀ ጠባብ ለብሶ፣ በሙቀት ጊዜ ልብሱን አውልቆ። ሲመሽም አብሯቸው ተቀምጦ እነሱ የሚበሉትን ዳቦ ይበላል፣ እነሱ የሚጠጡትን ወይን ይጠጣል። ጉቦ አይበላም፣ ቅንጦት አይወድም፣ ለልጁ የሚሳሳ አባት ነው።

ስለዚህ አድማጮቼ፣ ዛሬ አውሬ የሆነ ሰው ታሪክ ልትሰሙ አይደለም። ካቶን የመረጥኩት ለዚህ ነው። ባርነት ያን ያህል ዘመን የቆየው ሒሳቡን ጠንቅቆ በሚያውቅ፣ ቤቱን በሚወድ፣ በአገሩ በተከበረ ሰው እጅ ነው። ጅራፉማ ነበረ፤ ጅራፉን በሥርዓት ያቆየው ግን መዝገቡ ነው። የካቶ መዝገብ ደግሞ ዛሬም በእጃችን አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ160 ዓመት አካባቢ ስለ እርሻ አንዲት መጽሐፍ ጽፏል። በላቲን ዝርው ከተጻፉት መካከል ሙሉዋን ሆና ለኛ የደረሰች ከእሷ የቀደመች የለችም።

መጽሐፊቱ ስለ ወይን ተከላ፣ ስለ ወይራ መጭመቂያ፣ ስለ ጎመን መድኃኒትነት፣ ስለ ዳቦ አጋገር ሳይቀር ትናገራለች። እኛ የምንፈልገው ግን ጌታው ከከተማ ወደ እርሻው ሲመጣ የሚሆነውን ነው። መጀመሪያ የቤቱን አምላክ ይሳለማል። ከቻለ በዚያው ቀን ማሳውን ይዞራል። በማግስቱ የእርሻውን ሹም አስጠርቶ ይጠይቀዋል፦ ምን ተሠራ? ምን ቀረ? እህሉ ስንት ነው? ወይኑስ? ይህ ሹም ራሱ ባሪያ ነው። ሥራው ጎድሎ ከተገኘ ምክንያት ይደረድራል፦ ሰው ታመመ፣ ዝናብ ያዘን፣ ባሪያ ኮበለለ።

ካቶ ለእያንዳንዱ ምክንያት መልስ አዘጋጅቷል። ዘንቦ ከሆነ ጋኑ ይታጠብ ነበር፣ ቤቱ ይጠረግ፣ እህሉ ይገላበጥ፣ ፍጉ ይውጣ፣ ገመዱ ይጠገን፣ ሠራተኞቹም የገዛ ድሪቷቸውን ይጥፉ ነበር። በዓል ከሆነም ቦይ ይጠረጋል፣ መንገድ ይጠገናል፣ እሾህ ይመነጠራል። ሰው ታሞ ነበር ከተባለ ደግሞ እንዲያ ከሆነ ያን ያህል ቀለብ ወጪ መሆን አልነበረበትም ይላል።

እዚህች ላይ ቆም እንበል። የታመመ ሰው ቀለብ ይቀነስ የሚለው ትእዛዝ የወጣው በቁጣ አይደለም። ከመጽሐፊቱ ውስጥ አንዲት የስድብ ቃል አታገኙም። ያልሠራ አይበላም የሚል የሒሳብ ሥራ ብቻ ነው፤ ለኔ ከስድቡም ከዱላውም ይልቅ የሚያስደነግጠኝ ይህ ነው።

ዝርዝሩን እንቀጥል። ካቶ 240 ዩጌራ ለሚሆን የወይራ እርሻ 13 ሰው ይበቃል ይላል። ይህ ቦታ በኛ በድሮው ልክ አንድ ጋሻ ተኩል ገደማ ነው። ሰዎቹም ሹሙ፣ ጓዳውን የምትይዘው ሴት፣ 5 የቀን ሠራተኞች፣ 3 በሬ ነጂዎች፣ አንድ አህያ ነጂ፣ አንድ የአሳማ ጠባቂና አንድ የበግ እረኛ ናቸው። ከዚያም ያንኑ ዓረፍተ ነገር ሳይቆርጥ 3 ጥማድ በሬ፣ ፍግ የሚያመላልሱ 3 አህዮች፣ ወፍጮ የሚያዞር አንድ አህያ፣ 100 በጎች ብሎ ይቀጥልና ወደ መጭመቂያው፣ ወደ ድስቱ፣ ወደ አልጋው ይወርዳል። ለ100 ዩጌራ የወይን እርሻ ደግሞ 16 ሰው ይጠይቃል፤ ወይን ከወይራ የበለጠ እጅ ይፈልጋልና።

አሁን ወደ ቀለቡ እንምጣ። በማሳ ላይ ለሚሠራ ሰው በክረምት በወር 4 ሞዲዩስ ስንዴ፣ በበጋ 4 ተኩል ይሰፈርለታል። 4 ሞዲዩስ 26 ኪሎ ገደማ ነው። ለሹሙ፣ ለጓዳዋ ሴትና ለእረኛው 3 ይበቃል፤ የጉልበት ሥራቸው ቀላል ስለሆነ። በእግር ብረት ታስረው ለሚሠሩት ግን ስንዴ አይሰፈርም፤ ፈጭተው የሚጋግሩበት ጊዜም ነፃነትም የላቸውምና የተጋገረ ዳቦ ይሰጣቸዋል። በክረምት በቀን 4 የሮማ ሊብራ፣ ማለትም ከ1 ኪሎ ከሩብ ትንሽ የሚበልጥ። የወይን ቁፋሮ ሲጀመር ወደ 5 ያድጋል። በለስ ሲበስል እንደገና ወደ 4 ይመለሳል። ለምን ቢባል፣ በለሱን እየለቀሙ ይበላሉ ብሎ አስቦ ነው። ከዛፉ ሥር የምትበላዋ በለስ ሳትቀር ተቆጥራባቸዋለች።

መጠጡስ? ወይኑ ከተጨመቀ በኋላ የቀረው ልጣጭና ፍሬ በውኃ ተዘፍዝፎ የሚወጣ ስስ መጠጥ አለ፤ እኛ ከጠላው አተላ ላይ ደግመን የምናወጣውን ቅራሪ ይመስላል። ከወይን መልቀም በኋላ ላሉት 3 ወሮች ባሪያዎቹ የሚጠጡት እሱን ነው። ለማባያ ከዛፍ የረገፈ ወይራ ይሰጣል፤ እሱ ሲያልቅ ብዙ ዘይት የማይወጣው ወይራ፤ እሱም ሲያልቅ የዓሣ አተላና ኮምጣጤ። ዘይት በወር ግማሽ ሊትር ገደማ፣ ጨው በዓመት አንድ ሞዲዩስ። ልብስ በሁለት ዓመት አንዴ አንድ እጀ ጠባብና አንድ መደረቢያ፤ የእንጨት ጫማም እንዲሁ በሁለት ዓመት። አዲሱ ልብስ ሲሰጥ አሮጌው መመለስ አለበት፤ ድሪቶ ይሰፋበታል።

የቀለቡን መጠን ያያችሁ እንደሆነ፣ ካቶ ሰዎቹን በረሃብ አልገደላቸውም። አንድ ሰው ቆፍሮ ለማደር የሚያስፈልገውን ያውቃል፤ ያንን ይሰጣል። ከዚያ አያልፍም፣ ከዚያም አያጎድልም።

ይህ ሰፈራ ግን እስከ መቼ ነው? እስከሚያረጅ። ባለ ርስት ሻጭ እንጂ ገዢ መሆን የለበትም ይላል ካቶ፤ ስለዚህ በየጊዜው የሚሸጠውን ይዘረዝራል። ያረጁ በሬዎች፣ እንከን ያለባቸው ከብቶችና በጎች፣ ሱፍ፣ ቆዳ፣ አሮጌ ጋሪ፣ አሮጌ ብረታ ብረት፣ ያረጀ ባሪያ፣ በሽተኛ ባሪያ፣ ሌላም የተረፈ ነገር ካለ እሱም ይሸጥ ይላል።

ከ200 ዓመት በላይ ቆይቶ የመጣው ፕሉታርክ፣ ካቶን ከልቡ የሚያደንቀው ፕሉታርክ፣ ይህን ዝርዝር ሲያገኝ ታሪኩን አቋርጦ ይሞግታል። አቴናውያን ቤተ መቅደሳቸውን ሲሠሩ በደንብ ያገለገሉትን በቅሎዎች ነፃ ለቀው እንዲግጡ እንዳደረጓቸው ያስታውሳል። እኔ ያረሰልኝን በሬ እንኳ ስላረጀ ብቻ አልሸጠውም፣ ይልቁንም ሰውን በጥቂት ሳንቲም እንዴት ከኖረበት ቤት አወጣዋለሁ ይላል። ፕሉታርክም ባሪያ የነበረው ሰው ነው። ባርነት ይቅር አላለም፤ ካቶ ያደረገው ግን አልተዋጠለትም። «በዚያ ዘመን ሁሉም እንዲህ ነበር» የሚል ሰው ስትሰሙ ይህን አስታውሱ።

ስለ ካቶ ቤት ውስጥ ያለን ወሬም ከፕሉታርክ የተገኘ ነው። ካቶ ባሪያ ሲገዛ ከ1,500 ድራክማ በላይ አይከፍልም፤ ለመልክ ሳይሆን ለሥራ የሚሆን ይፈልጋል። ከጦር ምርኮኞች መካከል ደግሞ ገና ትንንሾቹን ይመርጣል፤ እንደ ግልገል ይገራሉና። ባሪያው ሥራ ላይ ካልሆነ መተኛት አለበት፤ የሚተኛ ባሪያ ከሚነቃ ይሻላል ባይ ነው። እርስ በርሳቸው እንዲጣሉ ዘወትር አንድ ነገር ይፈጥራል፤ ስምምነታቸውን ይፈራልና። ወንዶቹ ከሴቶቹ ባሪያዎች ጋር ለመገናኘት ለጌታቸው የተወሰነ ሳንቲም ይከፍላሉ፤ ሴቶቹን የጠየቃቸው እንደሌለ ልብ በሉ። ለባሪያዎቹ ገንዘብ አበድሮ ሕፃናት ያስገዛቸውና ዓመት አሠልጥነው እንዲሸጡ ያደርጋል። ወዳጆቹን ጋብዞ እራት ሲያበላ ያበሰለው ወይም ያስተናገደው ባሪያ ጥፋት ከተገኘበት፣ እራቱ እንዳለቀ በጠፍር ይገረፋል።

ያው ሰው ሚስቱ ልጁን ስታጥብና ስትጠቀልል አጠገቧ ለመገኘት፣ የመንግሥት ጉዳይ ካልያዘው በቀር፣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ይተው ነበር። ቺሎ የሚባል የተማረ ባሪያ ነበረው፤ ብዙ ልጆችን ያስተምራል። የራሱን ልጅ ግን ለቺሎ አልሰጠም፤ ባሪያ የልጄን ጆሮ ሲቆነጥጥ አላይም ብሎ ፊደሉን፣ ሕጉን፣ የውኃ ዋናውን ሁሉ ራሱ አስተማረ። ሚስቱም ልጇን በራሷ ጡት ታጠባ ነበር፤ አንዳንዴም የባሪያዎቿን ሕፃናት አብራ ታጠባለች። ምክንያቱን ፕሉታርክ ይናገራል፤ አንድ ጡት ጠብተው ሲያድጉ ልጇን እንዲወዱላት ነው። በዚያ ቤት ፍቅሩም እውነተኛ ነበረ ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ለእነዚያ ሕፃናት ወተቱም ጭምር ነገ ለሚያገለግሉት ጌታ የታሰበ ነበር።

እነዚህ ባሪያዎች ከየት መጡ? አብዛኞቹ ከጦርነት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ዓመት የሮማው ጦር አለቃ ኤሚሊዩስ ፓውሉስ ከግሪክ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለችው በኤፒሩስ 70 ከተሞችን በአንድ ቀን አስዘረፈ፤ 150,000 ሰው ተማርኮ ለባርነት ተሸጠ። ዘረፋው ተከፋፍሎ ለአንድ ወታደር የደረሰው ግን 11 ድራክማ ብቻ ነበር ይላል ፕሉታርክ። የዚህን የፓውሉስን ልጅ ያገባው የካቶ ልጅ ነው፤ ያ ጆሮው እንዳይቆነጠጥ የተሳሳለት። ባርነት ለሮም ታላላቆች በጦር ሜዳም በሰርግ ቤትም የሚያገናኛቸው ጉዳይ ነበር።

የባሪያዎቹ ድምፅ ከካቶ እርሻ አልደረሰንም። በዚያው ዘመን ግን ቴሬንቲዩስ የሚባል ከአፍሪካ፣ ከካርታጎ፣ በልጅነቱ ወደ ሮም የመጣ ባሪያ ነበር። ጌታው አስተምሮ ነፃ አወጣው፤ እሱም ተውኔት ጸሐፊ ሆነ። ፓውሉስ ሲሞት በቀብሩ ሥርዓት ላይ የቴሬንቲዩስ ተውኔት ቀርቧል። 150,000 ሰው ባሪያ ያደረገውን ሰው ሞት ያጀበው ባሪያ የነበረ ሰው ብዕር ነው ማለት ነው።

ከካቶ በኋላ ነገሩ እየሰፋ ሄደ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8 ዓመት የሞተ ጋዩስ ካይኪሊዩስ ኢሲዶሩስ የሚባል ሰው በኑዛዜው 4,116 ባሪያዎች፣ 3,600 ጥማድ በሬና 257,000 ሌላ ከብት ትቷል። ኢሲዶሩስ ራሱ ነፃ የወጣ ባሪያ ነበር። ከባርነት ወጥቶ ባለጸጋ የሆነ ሰው እሱም በተራው ባሪያ ገዛ፤ ሥርዓቱ ምን ያህል ወደ ሰው አጥንት እንደገባ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስለ እርሻ የጻፈው ኮሉሜላ ደግሞ ለታሰሩ ባሪያዎች ከመሬት በታች ማደሪያ ይሠራ፣ ለጤናቸው መስኮት ይብዛለት፣ መስኮቶቹ ግን ጠባብ ይሁኑ፣ እጅም የማይደርስባቸው ያህል ከፍ ይበሉ ብሎ ይመክራል። ሦስት ወንድ ልጅ የወለደች ባሪያ ከሥራ ታርፋለች፣ ከዚያ በላይ ከወለደች ነፃ ትወጣለች የሚለውም እሱ ነው። ልጆቹ ግን የጌታው ናቸው።

በየቦታው ካቶን የመሰለ ጥንቁቅ አልነበረም። በሲሲሊ፣ ኤና በተባለች ከተማ ዳሞፊሉስ የሚባል ባለ ሰፊ እርሻ ነበር። ባሪያዎቹ ራቁታቸውን ሆነው ልብስ ሲጠይቁት፣ መንገደኛው ሁሉ ራቁቱን ነው እንዴ የሚያልፈው፣ ከእሱ ውሰዱ ብሎ ከምሰሶ ጋር አስሮ አስገረፋቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ135 ዓመት ተነሡበት፤ ከሶርያ የመጣውን ኤውኑስን አነገሡ፤ ዳሞፊሉስን በከተማው ቲያትር ፍርድ አቁመው ሳይጨርሱ ገደሉት። ልጁን ግን አልነኳትም። የተገረፉትን ስታክም፣ የታሰሩትን ስትጠይቅ ያውቋታልና ሰው መድበው እስከ ካታኒያ ዘመዶቿ ቤት ሸኟት። ዓመፁን ለማጥፋት ሮም ከክርስቶስ ልደት በፊት እስከ 132 ድረስ ተዋጋች።

የካቶ ስም ከሮም በኋላ የት እንደታየ ልንገራችሁ። በአሜሪካ ደቡብ፣ በሳውዝ ካሮላይናና በጆርጂያ ረግረግ ላይ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የሩዝ እርሻ ነበር። ሩዙን የተከሉት ከምዕራብ አፍሪካ የተጋዙ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ሩዝ ከሚዘራበት አገር የመጡ ነበሩ። ብሩክግሪን በተባለው እርሻ የነበረው ጆሹዋ ጆን ዋርድ ብቻውን ከ1,000 በላይ ሰው በባርነት ይዞ ነበር። እነዚህ ባለ ርስቶች ለባሪያዎቻቸው ቄሳር፣ ፖምፔ፣ ስኪፒዮ፣ ካቶ የሚል ስም ያወጡ ነበር። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1739 በሳውዝ ካሮላይና፣ በስቶኖ ወንዝ አጠገብ የተነሣው የባሪያዎች ዓመፅ መሪም በአንዳንድ ጽሑፎች ካቶ ተብሎ ይጠራል። በ1859 ፒርስ በትለር የሚባል ጌታ ዕዳ ሲይዘው፣ በሳቫና ከተማ በፈረስ መሮጫ ሜዳ ላይ ከ400 በላይ ሰው በሁለት ቀን ጨረታ ሸጠ። ሻጭ እንጂ ገዢ አትሁን የሚለው የሮማዊው ምክር ምን ማለት እንደሆነ እዚያ ሜዳ ላይ የቆሙት ያውቁታል።

ወደ ሮም እንመለስ። በሮም የምትኖሩ አድማጮች፣ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት ጣሊያናውያን መታሰቢያ «የአምስት መቶዎቹ» የተባለውን አደባባይ ስትሻገሩ የዲዮቅልጥያኖስ መታጠቢያ ፍርስራሽ ይገጥማችኋል፤ ቤተ ክርስቲያናችን በአሳዳጅነቱ የምታስታውሰው ያው ዲዮቅልጥያኖስ ነው። ዛሬ ሙዚየም ነው። በዚያ ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ለሰው አንገት የተሠራ የብረት ቀለበት አለ። ከቀለበቱ ላይ የተንጠለጠለችው ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ፣ ኮብልያለሁና ያዘኝ፣ ለጌታዬ ለዞኒኑስ ብትመልሰኝ አንድ ወርቅ ታገኛለህ የሚል ይዘት ያለው ጽሑፍ አላት። የጌታው ስም ተጽፏል፣ የወሮታው ልክ ተጽፏል፤ ቀለበቱን ያጠለቀው ሰው ስም የለም። ቀለበቱ ሮም ክርስቲያን በሆነችበት ዘመን የተሠራ ነው።

በዚያው ዘመን በሮም ካይሊዮ ኮረብታ ላይ ቤቷ የነበረ ሜላኒያ የምትባል ወጣት እመቤት ነበረች። ሁለት ልጆቿ ከሞቱባት በኋላ ከባሏ ከፒኒያኑስ ጋር ምናኔን መረጡ። ፓላዲዩስ የተባለው የመነኮሳት ታሪክ ጸሐፊ 8,000 ባሪያዎችን ነፃ እንዳወጣች፣ ነፃነቱን ያልፈለጉት ግን በአነስተኛ ዋጋ ለወንድሟ እንደተሰጡ ይናገራል። ለምን ነፃነት አልፈለጉም የሚል ይኖራል። ቤትና መሬት ሳይሰጡት ሂድ የተባለ ሰው፣ በዚያ ላይ ጎቶች የተባሉት ወራሪዎች ወደ ጣሊያን በሚገሰግሱበት ጊዜ፣ የት ይሂድ? ባለ ርስቶች ባሪያን ነፃ ሲያወጡ የጽድቁን ያህል የሰውየውን መተዳደሪያ አላሰቡም። ይህ ፓላዲዩስ ስለ ሌላም ሰው ጽፏል፤ ከጌታው ቤት ተባርሮ ሽፍታ ስለሆነው፣ በኋላም በግብፅ በረሃ ስለመነነው ኢትዮጵያዊ፤ እኛ ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም ነው።

የሮም ሕግ ከኛም ቤት አልራቀም። የሮማ የሕግ ሊቃውንት ሰው በተፈጥሮው ነፃ እንደሆነ፣ ባሪያ ያደረገው ጦርነት እንደሆነ ጽፈዋል፤ ጽፈውም ባሪያ ማሳደራቸውን ቀጥለዋል። ያ ሐሳብ በቁስጥንጥንያ ሕጎች፣ ከዚያም በግብፃውያን ክርስቲያኖች የዓረብኛ መጽሐፍ በኩል አልፎ በፍትሐ ነገሥታችን ውስጥ ገብቷል። አንቀጽ 31 ስለ ባርነትና ስለ ነፃ ማውጣት ነው። የኛም አባቶች ሰው ነፃ መፈጠሩን የሚናገረውን መጽሐፍ እየተማሩ ባሪያ አሳድረዋል፣ ገዝተዋል፣ ሸጠዋል። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገባች፤ በዚያው ዓመት ራስ ተፈሪ አዋጅ አወጡ፤ ፈጽሞ የከለከለው አዋጅ የወጣው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ በ1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር «ባርነትን ላጠፋ» ብሎ ወረረን። በአገራችን ባርነት መኖሩ ሐሰት አልነበረም፤ ሐሰቱ እሱ የመጣው ለዚያ ነው መባሉ ነው። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር እንችላለን፣ መናገርም ይገባናል።

ሳምንት በዚሁ ሰዓት አንቀጽ 31ን ከመጽሐፉ እያየን፣ አንድ ባሪያ በኛ ሕግ በምን በምን ምክንያት ነፃ ይወጣ እንደነበረ እንማራለን። በእጃችሁ የአማርኛ ትርጓሜ ያለበት ፍትሐ ነገሥት ያላችሁ ከወዲሁ አንብባችሁ ጠብቁን። በየአካባቢያችሁ ከአያቶቻችሁ የሰማችሁት ካለም ጻፉልን።